እኔ ማለት እሷ ናት

ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ከአባቷ ክፍል የእህቷ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቷ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ቃል በቃል እየለየች እንግሊዝኛ ታነባለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ታነብና ቆም ትላለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ለአባታቸው በቤታቸው ቋንቋ መልሳ ትነግረዋለች።

«‹አባቴ በስትሮክ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት በየማለዳው ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ› ይላል አባባ።» ወረቀቱ ኮሽ አለ። «እኔ ማለት እሷ ናት። እኔ፣ እኔ አይደለሁም።»

አባትየው በደህናው የአፉ ጎን አንድ ድምፅ አወጣ። ሳቅ ይሁን ሳል አይለይም።

«‹ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ› ይላል ደግሞ። እሱስ ውሸት የለውም። ትገላበጣለህ።»

ታናሽየዋ ብሩሹን እንደነከሰች በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ያለ መስሏት ነበር። ለካ ትናንት ማታ ስትለማመድ ቆይታ ከላፕቶፑ ሥር ጥላው ተኝታለች። አፏ ውስጥ ያለው አረፋ ወደ ጉሮሮዋ ሲወርድ ሳታስበው ዋጠችው። ከዚያ በእግር ጣቷ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሳ፣ ገና ተነሥታ የምትታጠብ እንዲመስል ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውሃው ገንዳውን ሲደበድብ ቆይቶ ስትወጣ፣ እህቷ የማጠቢያ ሳህኑን ይዛ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ነጩን ሸሚዝሽን ተኩሼዋለሁ» አለች እህቷ። «ሰማያዊው አንገቱ ጋ ነትቧል። በካሜራ ይታያል።»

ታናሽየዋ ወደ ክፍሏ ገባች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ ጠርዝ ጋር ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ታላቅ እህቷን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራት እታለም ብላ ነው። እሷን ደግሞ ቤቱ በሙሉ የሚጠራት ምሁሯ እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት አባታቸው ነው፤ ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ገና አፉ ሙሉ ሳለ። ዛሬ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ በጤና ሳይንስ ዲግሪ ይዛ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ የታማሚዎችን ማኅደር እየፈለገች ለነርሶች ታቀብላለች። ከስድስት ወር በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ማዶ ላለ ዩኒቨርሲቲ አመለከተች። ትምህርቱ በቤት ውስጥ ስለሚታመሙ አረጋውያን እንክብካቤ ነው። ከስንት መቶ ሰው ጥቂቶች ለቃለ መጠይቅ ተመረጡና አንዷ እሷ ሆነች። ቃለ መጠይቁ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ስትጀምረው ልትዋሽ አስባ አልነበረም። የመጀመሪያው ጽሑፏ ውስጥ «እህቴ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ነበር። ቀድሟት ባሕር ማዶ የሄደ የክፍል ጓደኛዋ አነበበላትና «ደርቋል፣ ደግሞም ዋናው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም» አላት። እሷም እህቴን ወደ «እኛ» ለወጠቻት። ከዚያ የቃላቱ ብዛት ከአምስት መቶ እንዳይበልጥ ተባለ። «እኛ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ሁሉ ማን ምን እንደሠራ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ «እኔ» ግን ያጥራል። አንድ ሌሊት ቁጭ ብላ ስታሳጥር፣ ስትቆርጥ፣ ስትቀጥል አደረች። ሲነጋ ጽሑፉ አራት መቶ ዘጠና ስምንት ቃል ሆነ፤ እታለም ውስጡ አልነበረችም። በጣም ያምር ነበር። ደጋግማ ስታነበው እሷ ራሷ አምናው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ያውቃል።

ቁርሱን አባታቸው ክፍል በሉ። እታለም ዳቦውን በሾርባ እያራሰች ለአባታቸው በማንኪያ ታቀምሰዋለች፤ ምሁሯ እንቁላሏን በሹካ ትጎረጉራለች። «እንደሰማሁሽ ልንገርሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይወርዳል። እታለም በበኩሏ ስለ መጋረጃው ነው የምታወራው። ኔትወርኩ ያለመቆራረጥ የሚይዘው በአባታቸው ክፍል መስኮት አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ ቃለ መጠይቁ እዚያ እንዲሆን ከተወሰነ ሳምንት አልፎታል። አልጋው በካሜራ እንዳይታይ እታለም ሁለት አንሶላ ገጥማ ሰፍታ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ አንጠልጥላዋለች። ኮሪደሩ ላይ ያለው የስፌት መኪናዋ ዛሬ ከሰዓት ድምፅ እንዳያሰማ፣ ልብስ ሊያሳጥሩ የሚመጡትን ደንበኞቿን ነገ ኑ ብላቸዋለች።

«እኔ ከአባባ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ እላለሁ» አለች። «ቢያስለው እንኳ ቶሎ አፉን እጠርግለታለሁ። አይሰማም።»

ምሁሯ «እሺ እታለም» አለችና ሳህኗን ሳትጨርሰው ተነሣች።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቆማ መልሶቿን ትለማመዳለች። ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ? ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ? ስለ አባትሽ ንገሪን። ይቺኛዋ ላይ ስትደርስ «እኔ» ብላ ትጀምርና እንደገና ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ትመለሳለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያዩ አጠገቧ የተቀመጡ እናት የምትጸልይ መስሏቸው «ይስማሽ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘግታ በሆዷ ብቻ ተለማመደች።

ካርድ ክፍሉ እንደ ሁልጊዜው በአቧራና በካርቶን ሽታ ታፍኗል። እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ ልትወጣ ፈቃድ አግኝታለች። ሁለት ማኅደር አሳስታ ሰጠች፤ አንደኛው የስኳር ታማሚ ሆኖ ሳለ የነፍሰ ጡር ካርድ ሄደለትና ሰውየው ራሱ አምጥቶ «እኔ እንኳ ገና ነኝ» ብሎ መለሰላት። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮቷ በኩል ጥቁር ኮቷን አቀበለቻት። ለዛሬ ልታውሳት ቃል ገብታላት ነበር። «ልበሺው እስቲ። አየሽ? ልክሽ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ የሰው ኮት ግን ያደምቃል» ብላ ሳቀች።

ምሁሯ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። ኮቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከመውጣቷ በፊት ዋና ሐኪሙ ቢሯቸው አስጠሯት። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉላት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሴት ልጁን እንደሚድር ሰው ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል።

«ደብዳቤው ውስጥ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ነግሬሽ አላውቅም» አሏት። «ሌላው ሰው ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን አባትሽን ጻፍኩላቸው። ‹ይህች ልጅ ሌሊት አባቷን ስታገላብጥ አድራ፣ ጠዋት በሰዓቷ ሥራ የምትገባ ናት› አልኩ። አንድ ቀን አርፍደሽ መጥተሽ ምክንያቱን ስትነግሪኝ ከልቤ አልወጣም። እንዳታፍሪ። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ተናገሪ።»

ያን ቀን ያረፈደችው እንቅልፍ ጥሏት ነበር። እታለም ናት ሦስት ጊዜ ጠርታ የቀሰቀሰቻት። ዶክተሩ ሲቆጡ የመጀመሪያው አፏ ላይ የመጣው አባቷ ሆነ፤ ከዚያ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አልመለስ አለ። አሁን የእሷ ቃል በእሳቸው ፊርማና በክሊኒኩ ማኅተም ታስሮ ባሕር ተሻግሯል። «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። ደረጃው ላይ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ቆመች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ የሰው ኮት፣ ከወገብ በታች የቤት ሱሪ። ላፕቶፑ ከፍ እንዲል እታለም ከሥሩ ሁለት የጨርቅ ናሙና መዝገብ አድርጋለታለች። ከመጋረጃው ጀርባ የአባታቸው ትንፋሽ ይሰማል፤ ሲያስወጣ ትንሽ ያፏጫል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እታለም ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣላት፣ የኮቱን ትከሻ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋላት ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ያቺ የእጅ ጠረጋ ከስድብ በላይ አንገበገበቻት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንደኛዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሴትዮ ናት፤ ሌላው ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት ነው። ሰላምታው፣ የአየር ጠባዩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች በሰላም አለፉ። ምሁሯ ድምፅዋ ሲረጋ ለራሷም ተሰማት። እንዲያውም አንዴ ሴትዮዋን አሳቀቻት።

ከዚያ ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገችና ወረቀት አነሣች። «ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለች። «እኔ በወጣትነቴ ነርስ ነበርኩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በየቤቱ እየዞርኩ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ አንድ ጎኑ አይሠራም። ማንሻ መሣሪያ የላችሁም። ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻሽን እንዴት ነው የምታዘዋውሪው?»

ምሁሯ መጽሐፉ የሚለውን አለች። የአካል አቀማመጥ፣ የክብደት ማዕከል፣ የተንከባካቢው ጀርባ ደኅንነት።

«አዎ፣ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» አለች ሴትዮዋ በለሆሳስ። ክፋት የለባትም። «እኔ የምጠይቅሽ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንዳነሣሽው ነው።»

ዛሬ ጠዋት። ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ከፍታ ቆማ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ ማሳል ጀመረ፤ ሳሉ ወዲያው ታፈነ። እታለም በጨርቅ አፉን ይዛ፣ ጀርባውን እየደገፈች፣ ድምፅ እንዳይወጣ እየታገለች መሆኗ በአንሶላው ላይ በሚንቀሳቀሰው ጥላ ይታወቃል። ሽማግሌው ለእሷ ውሸት ሲባል ሳሉን እየዋጠ ነው። ምሁሯ ይህን ስታስብ የሆነ ነገር ከውስጧ ተበጠሰ።

«እንዲያስል ተይው እታለም» አለች በቤታቸው ቋንቋ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞራ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦ «አላነሣሁትም። አንሥቼውም አላውቅም። የጻፍኩት ሁሉ የእህቴ ሥራ ነው። እሷን አውጥቼ ራሴን አስገባሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አባቷ እስኪበቃው አሳለ። ወጣቱ መጻፉን አቆመ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እህትሽ እዚያ ናት?»

«አዎ።»

«ፈቃደኛ ከሆነች ጥያቄዬን እሷ ትመልስልኝ። አንቺ ተርጉሚልኝ።»

እታለም ከመጋረጃው ወጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ በንዴት ይሁን በእፍረት አይታወቅም። እርጥብ ጨርቁን እንደያዘች ላፕቶፑ ፊት ጎንበስ አለች። ምሁሯ ጥያቄውን ነገረቻት። እታለም ለስክሪኑ ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው ጀመረች።

«መጀመሪያ እነግረዋለሁ። ‹አባባ ላነሣህ ነው› እለዋለሁ። ሳልነግረው ከነካሁት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ከድንጋይ ይከብዳል። ወንበሩን በደህናው ጎኑ አስጠጋለሁ። የሰነፈውን ጉልበቱን በጉልበቴ እገታለሁ። እጁን አንገቴ ላይ አላደርግም፤ አንዴ አድርጌ ወር ሙሉ አንገቴ አልዞር ብሎኛል። ከዚያ እስከ ሁለት እቆጥራለሁ።»

«ለምን እስከ ሁለት?» አለች ሴትዮዋ።

«ሰው ሁሉ እስከ ሦስት ይቆጥራል። እሱ ግን ሁለት ላይ ነው የሚነሣው። ሁሌም ችኩል ነበር።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ወድቀን ነው የተማርነው። ሁለት ጊዜ አብረን ወድቀናል፤ አንዴ እኔ ከሥር ሆኜ ነው ያዳንኩት።»

ምሁሯ መተርጎም አቆመች። «መቼ ነው የወደቃችሁት?»

«ተርጉሚ» አለቻት እታለም።

ተረጎመች። ሴትዮዋ አመሰገነቻት፤ እታለምም አንገቷን ነቅንቃ ወደ መጋረጃው ተመለሰች። ከዚያ ሴትዮዋ ለምሁሯ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የተላከው ጽሑፍ ሰነድ ነው፤ ሰነዱ እውነት ካልሆነ እሷ እንዳላየች ልታልፈው አትችልም። ኮሚቴው ነገ ይሰበሰባል። ምሁሯ ዛሬ ቀኑ ሳይወጣ የተስተካከለ ጽሑፍ ከነምክንያቱ ከላከች፣ ሁለቱም ጽሑፎች ፊታቸው ይቀርባሉ። «ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ተስፋም ልሰጥሽ አልችልም» አለች። ስክሪኑ ጠቆረና የምሁሯ ፊት ብቻ ታየ፣ በሰው ኮት ውስጥ።

እታለም መጋረጃውን ከሲባጎው ላይ ነጠቀችው።

«ለምን ተናገርሽ?»

«ጠዋት ስታነቢለት ሰምቼሻለሁ።»

«እንደሰማሽ አውቃለሁ። ቧንቧውን ስትከፍቺ አወቅሁ። በዚህ ቤት እንደዚያ ውሃ የሚያፈስ ሰው የለም።» አንሶላውን እያጠፈች ነው። «ተናድጄብሻለሁ ብለሽ ነው? አዎ፣ ተናድጃለሁ። ወረቀቱን ሳየው ልቀደው ነበር። ግን ከወሰድሽው አይቀር ይዘሽው ትሄጃለሽ ብዬ ተውኩት። ይሄ ሦስት ዓመት ከዚህ ቤት አንድ ሰው ቢያወጣ ምናለበት ብዬ። አሁን ለእኔም አልሆነ፣ ላንቺም አልሆነ። ሜዳ ላይ ደፋሽው።»

ምሁሯ ከወንበሩ ተነሣች። «እታለም፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ እኮ ምን? ውሸቱንም ሳትጠይቂኝ ዋሸሽ፣ እውነቱንም ሳትጠይቂኝ ተናገርሽ።»

አባታቸው ከአልጋው ላይ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ያያል። እታለም ኮሪደር ላይ ወጥታ ጃኬቷን ስትለብስ፣ ቦርሳዋን ስትፈልግ፣ ጫማዋን ስትቀይር ተሰማ። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። «ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባባን አገላብጪው። ከዚያ በፊት ዳይፐሩን እዪለት» አለች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም። የውጭው በር ተዘጋ። ምሁሯ እህቷ በዚህ ሰዓት ከቤት ስትወጣ አይታ የምታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

መጀመሪያ ለዋና ሐኪሙ ደወለች። ሰው ፊት ቆሞ ከመናገር ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለለም። እንቅልፍ የጣላትን ቀን ጭምር ነገረቻቸው። በመጨረሻ «ደብዳቤዬን እኔ ራሴ ጽፌ አነሣዋለሁ። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» አሉና ዘጉት። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍታ «አባቴን» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላወቀችም። አጠፋችው፣ ጻፈችው፣ አጠፋችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይወጣት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የዳይፐሩ ሽታ ወደ አፍንጫዋ መጣ።

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። «ጥሪያት» አለ። ለእሱ አንድ ቃል ብዙ ሥራ ነው፤ ከንፈሩ ቃሉን እየገፋ ነው የሚያወጣው።

«እታለም የለችም አባባ።»

«ጠብቂያት።»

«አይሆንም። ይቆስልብሃል።»

በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት ያዘ፣ የጣቱ አንጓዎች እስኪነጡ ድረስ። ጽሑፏ ውስጥ አባቷ ሲታጠብ የወጣትነቱን ታሪክ እየነገራት እንደሚስቅ፣ በእነዚያ ማለዳዎች ከዩኒቨርሲቲ የበለጠ እንደተማረች ጽፋ ነበር። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። እንደማይስቅ ያኔ ገባት። ታናሽ ልጁ፣ ምሁሯ፣ ትምህርት ቤት እየሸኘ ያሳደጋት ልጅ እንደዚህ እንዳታየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸሽ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ስትገባ «ሥራሽ ይረፍድብሻል» እያለ የሚያስወጣት ለዚህ ነበር። እሷም ደስ እያላት ትወጣ ነበር።

ብረቱን እስኪለቅ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠረችም። አላስገደደችውም። ቆይቶ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ።

ሁሉንም ነገር አበላሸችው። ጓንቱን ያገኘችው ከጀመረች በኋላ ነው። ንጹሑን አንሶላ አረጠበችው። ወደ ጎን ስታዞረው የሰነፈው ክንዱ ከሥሩ ታጥፎ ቀርቶ አቃሰተ፤ እሷም ደንግጣ እኩል አቃሰተች። ሸሚዟ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ኮት ወለል ላይ ወደቀ። እታለም በሩብ ሰዓት የምትጨርሰውን እሷ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀች። በመጨረሻ ትራሱን ከጀርባው ስትሸጉጥለት አባቷ ዓይኑን ገልጦ አያት።

«ምሁሯ» አለ። ትንፋሽ ወሰደ። «ውሃው... በረዶ ነው።»

ማሞቅ እንዳለበት ትዝ አላላትም ነበር። ይቅርታ ልትለው ስትል የአፉ ደህናው ጎን ሲነሣ አየች፤ ይህ ሳቅ ነበር፣ ሳል አልነበረም። እሷ ግን ሳቁን ተከትላ ለመሳቅ ስትሞክር ሳግ ቀደማት። ፊቷን በክንዷ ሸፍና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

እታለም የተመለሰችው ሲመሽ ነው። ጃኬቷን ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ አባታቸው ገብታ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰች፣ አንሶላው የተጣጠፈበትን ሳበች። እንከን ስትፈልግ ብዙ አገኘች፤ አንዱንም አልተናገረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የት ሄደሽ ነበር?» አለች ምሁሯ።

«የትም። አውቶቡስ ላይ ወጥቼ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ሾፌሩ ‹ደርሰናል ውረጂ› ሲለኝ ‹እመለሳለሁ› አልኩት።» ጫማዋን በእግሯ ገፍታ አወለቀች። «ያ ሲሠራ የከረመው ድልድይ አልቋል። አንቺ እኮ በሱ ላይ በየቀኑ ነው የምታልፊው፣ አንድ ቀን አልነገርሽኝም።»

ምሁሯ ድልድዩ መቼ እንዳለቀ ለማስታወስ ሞከረች። ከወር በላይ ሆኖታል። ሊወራ የሚገባው ነገር መሆኑ አልታሰባትም ነበር። ከስፌት መኪናው ሥር የታሰሩትን ያላለቁ ልብሶች በበሩ በኩል አየቻቸው። ሁልጊዜም እዚያ ነበሩ።

«ላክሽው?» አለች እታለም።

«ገና ነው። አጭር ሆነብኝ።»

«አንብቢልኝ።»

ምሁሯ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል በቤታቸው ቋንቋ እየመለሰች ነገረቻት። አባቷን ያስታመመችው ታላቅ እህቷ እንደሆነች፣ እህቷ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርቷን ከሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠችው ታናሿ ዲግሪዋን እንድትጨርስ መሆኑን፣ ይህን ማንም ቁጭ ብሎ እንዳልወሰነውና ማንም እንዳልጠየቃት፣ በፊተኛው ጽሑፍ ውስጥ «እኔ» የተባለው ሁሉ እህቷ መሆኗን። ከዚያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነበር። «እኔ አባቴን ያጠብኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ነው።»

ከታች መንገድ ላይ መኪና ጡሩምባውን ነፋ። አባታቸው እንቅልፍ ወስዶት ትንፋሹ ማፏጨት ጀምሯል።

«‹ማንም አልጠየቃትም› የምትለዋን ተዪያት» አለች እታለም በመጨረሻ። «ልክ ነች። ‹አንድ ቀን› የምትለዋን ግን አጥፊያት።»

«እውነት እኮ ናት።»

«ነገ ሁለት ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ማለዳው ያንቺ ነው፤ ማታው የኔ። ብትሄጂ እስክትሄጂ ድረስ፣ ብትቀሪም እንደዚያው ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት የምሄድበት አለኝ።»

«የት?»

«እሱን ሳገኘው እነግርሻለሁ» አለች እታለምና ሾርባውን ልታሞቅ ተነሣች።

ምሁሯ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር «እኔ ዛሬ ጀመርኩ» ብላ ለወጠችው። ደግማ አላነበበችውም፤ ላከችው። ኮሚቴው ነገ ምን እንደሚል፣ ዋና ሐኪሙ ቢሮ ገብታ የት እንደምትቆም አታውቅም። ስልኳን አንሥታ ማንቂያውን ለንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሞላችው። ከዚያ ውሃው ለመሞቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ እህቷን ልትጠይቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።